ብርድ ልብስ የለበሰው ሞተር

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከዚያ ልጀምር። ቴክሳስ ውስጥ ብርድ ብረት ይሰብራል ብሎ ማን ያምናል? እዚህ ሜስኪት ከተማ ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር የማማርረው ሙቀቱን ነበር። ያን ክረምት ግን በረዶው መጣና ሦስት ቀን ሙሉ አልለቅ አለ። ጎረቤቶቼ የቤታቸውን ቧንቧ ሲጠቀልሉ አየሁና ግቢዬ ውስጥ የቆመችው አሮጌ ጀልባ ትዝ አለችኝ። ሮጬ ወጥቼ ሞተሩን በሁለት ብርድ ልብስ ጥቅልል አደረግኩት፣ ሸራ ደረብኩበት፣ ከዚያ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው እጄን እያሻሸሁ ገባሁ። ውስጡ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ እንዳለብኝ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጀልባ አለኝ ስላችሁ ሀብታም እንዳልመስላችሁ። ኤርፖርት አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር «ውሰዳት፣ ከፊቴ ትጥፋልኝ» ብሎ የሰጠኝ ናት። ከፊት ለፊቷ ሁለት ሰው ተጨናንቆ የሚቀመጥባት፣ በርና መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል አለቻት።

በጸደዩ እናቴ ከወሎ መጣች። የተወለደችው ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ እዚያው ውሃው ዳር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በጀልባ ሲሻገር ከዳር ቆማ እያየች አንድ ቀን እግሯን አላስገባችም። መጀመሪያ «ሴት ልጅ ነሽ» ተባለች፣ ቀጥሎ እኛ ልጆቿ መጣን፣ ከዚያ ጉልበቷ እምቢ አላት። ጀልባዋን ግቢ ውስጥ ስታይ ጎኗን ዳበስ አድርጋ «የኔ ልጅ ጀልባ አለው!» አለች። ወላሂ፣ ያን ዕለት ቁመቴ ጨመረ። ሰኞ ወደ አገሯ ልትመለስ፣ ቅዳሜ እዚህ ቅርብ ያለው ሐይቅ ላይ ላወጣት ቃል ገባሁላት።

«ብቻ ንፋስ እንዳይመታኝ» አለችኝ። «ውስጥ እቀመጣለሁ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርገህ ትዘጋልኛለህ።»

«እሺ እማ፣ ትንሽ ቀዳዳ አይኖርም።»

ሞተሩን በጓሮ ቧንቧ ውሃ እያጠጣሁ ሞከርኩት። ተነሳ! ድምፁ ትንሽ ሻከር ይላል፣ ግን ተነሳ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ለአንድ የአገሬ ሽማግሌ ነገሩን አነሳሁላቸው። እሳቸው ደሴ ላይ የከባድ መኪና ሞተር ሲፈቱ ኖረው፣ እዚህ ደግሞ የጀልባ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ነገሬን ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«በበረዶው ጊዜ ውሃውን አፍስሰህ ነበር?»

«አይ ጋሼ፣ ብርድ ልብስ አልብሼው ነበር።»

ቀጥ ብለው ቆመው አዩኝ። «ታሞ ነበር እንዴ?»

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ ብርድ ልብስ የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ያለውን ነው። ብረት ምን ሙቀት አለው? ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ መፈናፈኛ ሲያጣ ብረቱን ይሰነጥቃል።»

«ተነስቷል እኮ ጋሼ!»

«ይነሳ። እናትህ የት ነው የሚቀመጡት?»

«ውስጥ ነዋ፣ ዘግታ። ንፋስ ትፈራለች።»

ፊታቸው ልውጥ አለ። መኪናዬ ውስጥ ገብተው ቀበቶ አሰሩ።

የጀልባ ጭስ ማውጫ እንደ መኪና አይደለም፤ ጭሱ በሚያልፍበት ብረት ዙሪያ ማቀዝቀዣ ውሃ ይዞራል። ግቢዬ ስንደርስ ሞተሩ ጎን ላይ የታሰረውን ረጅሙን ብረትና በላዩ ያለውን ክርን የመሰለ ቆልማማ ብረት ፈታናቸው። ሽማግሌው የረጅሙን ቀዳዳዎች በጎማ ደፍነው በብስክሌት መንፊያ ቀስ እያሉ አየር ሰጡት፤ እኔ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀባሁት። አየር የሚያወጣ ከሆነ አረፋው ይነፋል። አልተነፋም።

«አላልኩም ጋሼ? ደህና ነው! እንግጠመው።»

«ዝም ብለህ ሳፋ አምጣ። ሙቅ ውሃም።»

ደሜ ፈላ። ሥራ የፈታ ሽማግሌ ቅዳሜዬን ሊበላብኝ ነው ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ ሙቅ ውሃ ሞልቼ አመጣሁ። ቆልማማውን ብረት ደፍነው፣ አየር ሞልተው ውሃው ውስጥ አጠለቁት። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት አረፋ ወጣች፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ተከታትለው። የተላጠውን ቀለም በጥፍራቸው ሲፍቁት ክር የምታህል ስንጥቅ ወጣች።

«ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አውቃለሁ። የኛ አገር ሰው ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም።

«ይኸም ያው ነው። ጭሱ ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ በዚህች ስንጥቅ እናትህ ወዳሉበት ክፍል ይገባል።»

ቅዳሜ ብንወጣ እኔ እኮ ውጭ ንፋስ ላይ ቆሜ መሪ እይዝ ነበር። ዝም ስትል ደክሟት ነው፣ እንቅልፍ ወሰዳት እል ነበር። እንዳትነቃብኝ ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋላት ነበር። የሽማግሌውን እጅ ይዤ ሳምኩ። «ተው፣ ተው፣ ዝገት ነው» እያሉ ሊያስለቅቁኝ ታገሉ፣ አልለቀቅኳቸውም።

ምትኩ ብረት በሳምንት ነው የሚመጣው ተባለ። ለእናቴ «ሞተሩ ተበላሽቷል» ብቻ አልኳት። ቅዳሜ በመኪና ሐይቁ ዳር ወስጄ ፓርክ አደረግኩላት። መስኮቱን ዘግታ የሰው ጀልባ ስታይ ዋለች፤ ሰኞ ሸኘኋት።

እስካሁን እውነቱን አልነገርኳትም፤ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች ብዬ ነው። እሷ ግን በደወለች ቁጥር ሰላምታው ሳያልቅ ትጀምረኛለች፦ «አንተ ውሸታም! ባሕር አቋርጬ መጥቼ ከዳር አስቁመህ መለስከኝ። ጎረቤቱ ‹ውሃው ላይ ወጣሽ ወይ› ሲለኝ ምን ልበል?»

«ልክ ነሽ እማ» እላታለሁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ። «ውሸታም ነኝ።»

እሷም ትቀጥላለች። አልሐምዱሊላህ፣ ትቆጣኛለች።