ሞያሌ ላይ ሰባተኛ የጠፋች ዕለት

ብዙ አልተማርኩም። ፊደል ቆጥሬ ብዙም ሳልቆይ ወደ ሥራ ነው የገባሁት። የምጽፈውም እንደማወራው ስለሆነ አንባቢ ይታገሰኝ። ዕድሜዬ ያለቀው መሪ ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ላይ፣ ነገሌ ቦረና የአንድ ጨርቅ ነጋዴ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ሰውየው መካ ደርሰው ስለተመለሱ ከተማው ሁሉ ሐጂ ነበር የሚላቸው። እኔም ሐጂ እላቸዋለሁ።

ላወራ የፈለግሁት ግን ስለ ነገሌ ሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ነው።

የትምህርት ቤቱ ስፖርት አስተማሪ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ሁለት የጥድ ግንድ አስተከለ፣ አናታቸው ላይ ሳንቃ አስመታ፣ ሳንቃው ላይ ከበርሜል አፍ የተቆረጠ የብረት ቀለበት አስገጠመ። ወንዶቹ ከእግር ኳስ በቀር ሌላ አንፈልግም ስላሉ ሜዳው ለሴቶቹ ቀረ። እነሱም ቀይ አፈር ለብሰው ጠዋት ማታ ሲሮጡ ቆይተው፣ በኋላ የሚችላቸው ጠፋ። ሻኪሶዎች መጡ፣ ተሸነፉ። ያቤሎ ድረስ ሄደው አሸንፈው ተመለሱ። ክብረ መንግሥቶች ተሸንፈው መኪና ላይ ሲወጡ የኛ ከተማ ሥጋ ሻጭ ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ፣ "ወርቅ ቆፋሪ ናችሁ ሲሉ ሰምተን ነበር፤ ከልጆቻችን እጅ አንዲት ኳስ ማውጣት አቃታችሁ?" አላቸው።

"ብሔራዊ ቡድን" የሚለውን ስም ያወጣላቸውም ይኸው ሥጋ ሻጭ ነው። ለምን ብሔራዊ ሲሉት፣ "ከኛ ወዲያ ማን አለ? ከኛ ወዲያማ ድንበር ነው" አለ። ስሙ እንደዚያው ቀረ።

ከልጆቹ ሁሉ የምትበልጠው የሐጂ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ኳስ ሲይዙ ኳሱን ያያሉ፤ እሷ ሰዉን ነው የምታየው። ማን የት እንደሚደርስ ቀድማ ታውቃለች። ከፍ ስትል ግን አባቷ ከለከሏት። "በቁምጣ፣ በገበያ ሰው ፊት፣ የኔ ልጅ አትሮጥም" አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሌሎችም አባቶች፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር፣ ስለ ቁምጣው ያጉረመርሙ ነበር፤ ልዩነቱ ሐጂ ያሉትን ያደርጋሉ። ልጅቷም አልተከራከረችም። ቡድኑ ሲለማመድ ብቻ ደብተሯን አቅፋ አጥሩ ጥግ ትቆማለች። ኳስ ወደሷ ከወጣ ትመልሳለች፤ ስትመልስ ታዲያ ኳሱ ከፈለገቻት ልጅ ደረት ላይ ሄዶ ያርፋል። እኔ ያንን ሳይ ልቤ ይነካ ነበር። ዝም እላለሁ፤ የሰው ልጅ ናት።

የሚገርመው ግን በቡድኑ ከሐጂ በላይ የሚኮራ ሰው አልነበረም። እህታቸው ሞያሌ ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያ በኩል ነው የተዳረችው። ሐጂ ጨርቅ ሊያመጡ በሄዱ ቁጥር በእህታቸው ባል ሱቅ በር ላይ ሻይ ይዘው፣ "የኛን ሴት ልጆች የሚችል አልተወለደም" ይላሉ። አንድ ቀን ማዶዎቹ፣ "የኛም ሴት ልጆች አሉ፤ ኳስ በእጃቸው እየወረወሩ እንጨት ላይ ያለ ቀለበት ውስጥ ይከታሉ" አሏቸው። ሐጂ፣ "ይኸው ነው የኛም!" አሉና እጅ ተማቱ። የጨዋታው ቀን እንዲያ ተቆረጠ። ከዚያ በላይ የጠየቀም የመረመረም የለም።

መኪናውን ሐጂ ሰጡ። ከመሄዳችን በፊት ልጅቷ ጋራዡ ድረስ መጣችና፣ "ጋሼ፣ አክስቴን ካየኋት ቆየሁ። አባቴን ይንገሩልኝ" አለችኝ።

"አክስትሽን ነው ኳሱን?" አልኳት።

"አክስቴንም" አለች።

ነገርኳቸው። ሐጂ ትንሽ አዩኝና፣ "አክስቷ ዘንድ ትሂድ። ከአክስቷ ጎን ትቀመጣለች" አሉ። ለዚያ ፈቃድ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ስድስት ተጫዋቾች ነበሩ፤ አምስቱ የሚገቡ፣ አንዷ ተጠባባቂ። ከነሱ ጋር የሐጂ ልጅ ከላይ ጭነቱ ቦታ ተሳፈረች፤ ሐጂና አስተማሪው ከኔ ጋር ጋቢና። ዳዋ ወንዝ ጎድሎልን ተሻገርን። ዱብሉቅ ስንደርስ ራዲያተሩ ፈላና ውኃ ፍለጋ ወደ ጉድጓዶቹ ወረድን። የቦረና ጉድጓድ ያላየ ሰው ጉድጓድ ሲባል በገመድ የሚቀዳ ይመስለዋል። የዱብሉቁ ጥልቅ ነው፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ቆመው ባልዲውን እየዘፈኑ ይቀባበሉታል። ሙሉው ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ማንም ከቦታው አይነቃነቅም፤ ውኃው ነው የሚሄደው። ልጆቹ አፋፉ ላይ ቆመው ሲያዩ የሐጂ ልጅ፣ "ያ ሦስተኛው ሰውዬ የእናቴ ወንድም ነው" ብላ አሳየቻቸው። እሱም ባልዲውን ሳያቆም ቀና ብሎ፣ "አካም፣ ናጋ?" አላት። ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ አለችው።

ሞያሌ አድረን በማግስቱ ተሻገርን። የማዶው ትምህርት ቤት ሜዳ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንድ ነገር ግን ገና ከሩቅ ደስ አላለኝም። እንጨቱ ቆሟል፣ ቀለበቱም አለ፤ ሳንቃው የለም።

"ሳንቃቸውን ሌባ ወስዶባቸዋል" አለች ከኛ ልጆች አንዷ።

ሌባ አልወሰደውም። ጨዋታው ሌላ ነበር። ማዶዎቹ እንግሊዞች ያስተማሯቸውን ኔትቦል የሚባለውን ነበር የሚጫወቱት። ኳስ መሬት እያነጠሩ መሄድ የለም። ኳስ ይዞ መራመድ የለም። እያንዳንዷ ከተመደበችበት ክልል አትወጣም፤ ቀለበት ውስጥ እንዲወረውሩ የሚፈቀድላቸውም ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። የነሱ አስተማሪ አማርኛ አያውቅም፣ የኛው እንግሊዝኛው ቶሎ አለቀበት፤ ኋላ ልጆቹ ራሳቸው በኦሮምኛ ተነጋግረው ተግባቡ። የወዲህና የወዲያ ልጆች ቋንቋቸው አንድ ነዋ።

አስተማሪያችን፣ "ግድ የለም፣ በነሱ እንጫወታለን" አለ። ከዚያ ነው ቁርጡ የመጣው። በነሱ ጨዋታ አንድ ቡድን ሰባት ሰው ነው።

እኛ ስድስት ነበርን።

ማዶዎቹ ከራሳቸው አንዲት እናበድራችሁ አሉ። የኛ አለቃ፣ ረጅሟ ልጅ፣ "በተዋስነው ሰው ብናሸንፍ ያሸነፈው ማን ሊባል ነው?" ብላ እምቢ አለች። የሐጂ አማቾች ፈገግ ብለው ሐጂን ያዩአቸዋል። አስተማሪው መሬት መሬት ያያል። ሁላችንም ሰባተኛዋ የት እንዳለች እናውቃለን፤ ከአክስቷ ጎን ምንጣፍ ላይ፣ እጇን ጭኗ መሃል ከታ ተቀምጣለች። አፉን የሚከፍት ግን ጠፋ። እሷም አባቷን አላየችም። ሜዳውን ነው የምታየው።

የተናገረችው አክስቷ ናት። የሐጂ ታላቅ እህት ነበረች፤ ሐጂ ቀና ብለው የማይመልሱላት ሰው ብትኖር እሷ ናት።

"ወንድሜ" አለች፣ "ያቺ ሽሩባዋን ወደ ኋላ ያሰረችው ማን ናት?"

ሐጂ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። "ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"የኔ ናት። ምን ለብሳለች?"

እውነትም የማዶዎቹ ልጆች ሁሉ ከጉልበታቸው በታች የወረደ ቀሚስ ነበር የለበሱት። ሐጂ ሻሽ ጠምጥማ የተቀመጠች ልጃቸውን አዩ፤ ልብሷ ቁርጭምጭሚቷን ይሸፍናል።

"ሻሽሽ እንዳይወልቅ" አሏት።

በቃ፣ ይቺው ናት። ልጅቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንደ መቀነት አጥብቃ ተነሣች። አክስቷ ጫማዋን ተቀበለቻት።

መጀመሪያ ላይ መዓት ወረደብን። ልጆቻችን ለምደው ኳሱን መሬት ያነጥሩታል፣ ፊሽካ ይነፋል። ይዘው ይሮጣሉ፣ ፊሽካ ይነፋል። ረጅሟ ልጃችን ሁልጊዜ ሳንቃ መትታ ነበር የምታስገባው፤ ሳንቃ የለም፣ ኳሱ ሽቅብ አልፎ ተመልካች ላይ ይወድቃል። የሐጂ እህት ልጅ የሐጂን ልጅ ትገጥማት ነበርና፣ "ነገሌ ኳስ እንደ ዶሮ ነው እንዴ የምታባርሩት?" አለቻት።

"እስቲ ዶሮዋን ያዥልን" አለች የኛዋ።

ዕረፍት ላይ የሐጂ ልጅ ጓደኞቿን ሰብስባ ያለችውን ሰምቻለሁ፤ ውኃ አቀብል ነበር። "አትሩጡ። ትናንት ዱብሉቅ ያየነውን አድርጉ። ቁሙና አቀብሉ" ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በጽሑፍ መግለጥ አልችልም። ኳሱ ከእጅ እጅ ይሄዳል፣ ሰው ይቆማል። የሐጂ ልጅ መሃል ቆማ ትቀበላለች፣ ሳታይ የምትሰጥ ይመስላል፣ ኳሱ ግን የሚገባበት ይገባል። ረጅሟም ያለ ሳንቃ መወርወሩን እያደር ለመደችው። የማዶ ሰዎችም ለኛ ማጨብጨብ ጀመሩ። እኔ ሐጂን ነበር የማየው። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆሟል።

ተሸነፍን። ለጥቂት ነው፣ ግን ተሸነፍን። የኛ ልጆች ሽንፈት አያውቁምና ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። የማዶዎቹ መጥተው አቀፏቸው፤ ናጋ፣ ናጋ ተባብለው የሁሉም ቤተሰብ ደኅንነት እስኪጠየቅ ድረስ ከሜዳው የወጣ የለም። የሐጂ ልጅ ላቧ ሻሿን አርሶት፣ ስትስቅ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ እህታቸው ቤት ሐጂ ወተት ያለበት ሻይ ደጋግመው ጠጡ። ልጅቷም ወደ አባቷ አልቀረበችም፤ የተፈቀደላት ለዚያች አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ ታውቃለችና። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አምላኬን ለአንዱም ቀን አመስግኜ ተኛሁ።

ስንመለስ ሐጂ ጋቢና ውስጥ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ሜጋን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "አንተ ሾፌር" አሉኝ።

"አቤት ሐጂ።"

"ልጄ ለምንድን ነው ኳሱን ሁሌ ለዚያች ለረጅሟ የምትሰጣት? ራሷ አትወረውርም? ቀለበቱ ሥር ደርሳ ነበር እኮ፣ አይቻለሁ።"

"በነሱ ሕግ እሷ በተመደበችበት ቦታ መወርወር አይፈቀድም ሐጂ።"

አሰቡበት። አስተማሪው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

"በኛ ሕግስ?" አሉ።

"በኛማ ሁሉም ይወረውራል።"

"እንግዲያው ነገሌ ስንገባ ትወርውር" አሉ ሐጂ። "ቀሚሱን ለሁሉም እኔ አሰፋለሁ።"

መኪናውን አቆምኩ። ምን ሆንክ አሉኝ። ጎማውን ላየው ነው አልኳቸውና ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ልጅቷ ከጭነቱ ላይ አንገቷን አውጥታ ታየኝ ነበር። ነገርኳት።