ልጁ የማይታይበት ፊልም

ሎሪ ጥሩምባውን በነፋ ቁጥር እጄ ላይ ያለው ዕቃ ይወድቃል። ይኸው እስከ ዛሬ አልተወኝም። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር እየኖሩ ደግሞ ከሎሪ ድምፅ የት ይሸሻል? ከብት የጫኑት ወደ ናይሮቢ ሲነሡ በቤታችን ጀርባ ነው የሚያልፉት። ከብቱ ከታች ይቆማል፤ ሰው ከላይ ብረቱ ላይ ተንጠላጥሎ ይሄዳል። ልጄም የሄደው እንደዚያ ነው።

ማለዳ ሻይ ላፈላ ወጥቼ ስመለስ ብርድ ልብሱ የለም፣ ጫማው የለም፣ እሱም የለም። ደቡብ አፍሪካ ሊገባ መነሣቱን የነገረው ለባለሱቁ እንጂ ለኔ አይደለም። "ስደርስ በናንተ ስልክ እደውላለሁ በላት" ብሎት ሄደ። ፈሪነቴን ያውቃላ! ቢነግረኝ ሎሪው ጎማ ሥር እንደምጋደም ያውቃል። እኔ እንኳን ደቡብ አፍሪካ፣ ከገበያ ወዲያ ያለው መንገድ የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ። መንግሥት ሲለወጥ ባሌን አጥቼ፣ እሱን በጀርባዬ አዝዬ ድንበሩን ከተሻገርኩ ወዲህ፣ መለዮ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

ባለሱቁ የዚሁ የሞያሌ ልጅ ነው፣ ቦረና። አማርኛን የለመደው ድንበር ላይ ሲነግድ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉንም "አንተ" ነው የሚለው። በሰፈራችን ስልክ ያለው እሱ ሱቅ ነው፤ ቁጥሩን ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል። ከሱቁ ጎን ቪዲዮ ቤት አለው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር። እኔ በሩ ላይ ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ እሸጣለሁ።

ልጄ ሳይሄድ በፊት ነው፣ አንድ ቀን ለባለሱቁ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ፣ የአማርኛ ፊልም መጣለት። ከጎልቦና ከኡራን ከብት ሊሸጡ የገቡ ሽማግሌዎች አግዳሚውን ሞልተውታል፤ አማርኛ የሚሰማ ግን ከመካከላቸው የለም። ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

"ማማ!" አለኝ ባለሱቁ፣ በበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ። "አንተ ግባና ንገራቸው! ሊበሉኝ ነው።"

"ምኑን ነው የምነግራቸው?"

"የሚሉትን ነዋ!"

ማንቆርቆሪያዬን እንዳንጠለጠልኩ ገብቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ። ሴትየዋ ስታለቅስ "ባሏ ጥሏት ሊሄድ ነው" አልኩ በቦረንኛ። ባልየው ሲምል ሲገዘት "ውሸቱን ነው፣ ሌላ ሴት አለችው" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ከየት አወቅሽ? ምንም አልታየችም እኮ!" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ዓይኑን አታዩትም እንዴ?"

ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ሴት ከች ስትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ልጄ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበር፤ ወደ ቤት ስንመለስ "እማ፣ ከፊልሙ አንቺ ትበልጫለሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ፊልም በመጣ ቁጥር ነጋሪዋ እኔ ሆንኩ። የሕንዱም የቻይናውም በኛ አገር እንደዚያው ነው፤ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይናገርለታል።

እንግዲህ ልጄ ከሄደ በኋላ ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ፣ ስልኩ ግን አልጮኸም። የሎሪ ሾፌሮቹ ሻዬን ሊጠጡ በመጡ ቁጥር ልጠይቃቸው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። መልስ ቢሰጡኝስ? ብዬ እፈራለሁ። ሌት ተቀን የማስበው የት ይሆን እያልኩ ነው። አንድ ነገር ግን ልቤ ያውቅ ነበር፤ ልጄ እንጀራ ቢያጣ ፊልም አያጣም። ሎሪ በቆመበት ሁሉ ቪዲዮ ቤት አለ። ደብዳቤ ልላክ ብል የት ብዬ እልካለሁ? ፊልም ግን አድራሻ አይጠይቅም። ከአንዱ ከተማ ወደ አንዱ እየተገለበጠ፣ እየተሰረቀም ቢሆን፣ ይሄዳል። እኔ የጻፍኩት ፊልም ቢሠራ አንድ ቀን አንድ ቦታ ልጄ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያየዋል አልኩ። ካየው ደግሞ ይደውላል።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከልጄ የተረፈ የትምህርት ቤት ደብተር ነበር፤ በባዶዎቹ ገጾች ላይ ፊደሉን እያተለቅሁ ጻፍኩት። መጀመሪያ ሎሪ ነው። ብረቱ ላይ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል፤ መሐላቸው አንድ ሰው የሚይዝ ክፍት ቦታ አለ። ቀጥሎ ሻይ ቤት ነው፤ ግማሹ የተጠጣ ብርጭቆ ይታያል፣ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም። ከዚያ ኬላ ነው፤ አስካሪዎቹ፣ ፖሊሶቹ፣ ሰው ያወርዳሉ፣ አጥሩ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ልጁ አንድም ቦታ ላይ አይታይም። እንዴት አድርጌ ላሳየው? እኔ ራሴ አላየሁትማ! መጨረሻ ላይ ስሙን የማላውቀው ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት አለ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ እናቲቱ ትወጣና "ልጄ፣ የሱቁ ስልክ አልተቀየረም" ትላለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

በየገጹ ጥግ ላይ ደግሞ "ነጋሪዋ" እያልኩ የምትለውን ጻፍኩላት። "እዚህ ነበር፣ አሁን ተነሣ" ትላለች። "ሻዩን ስኳር አብዝቶበታል፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው" ትላለች። ፊልም ያለ ነጋሪ እንደሚታይ የት አውቄ! አዲስ አበባም ሲኒማ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ የሚናገር ነበር የሚመስለኝ።

ደብተሩን ለፊልም ሠሪዎች ልሸጥ ወደ አዲስ አበባ ስነሣ ባለሱቁን አስማልኩት። "ስልኩን ትተህ የትም እንዳትሄድ" አልኩት።

"ሱቅ የያዘ ሰው የት ይሄዳል ማማ? አንተ ሂድ። ለኔም የማጫውተው ፊልም ይዘህልኝ ና።"

አውቶቡሱ ውስጥ እያለሁ ስልኩ ሲጮህ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። ወርጄ በእግሬ ልመለስ ያልኩበትም ቦታ አለ።

አዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች ቢሮ ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፤ ሙሽራ፣ ሽጉጥ፣ መኪና። መጀመሪያ የገባሁበት ቢሮ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ "እናት፣ የጽዳት ሠራተኛ ቀጥረናል" አለችኝ። "ድርሰት ይዤ ነው" ስላት "የማን?" አለች። "የኔ" ስል አጠገቧ ያለው ልጅ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሁለተኛው ቢሮ ደብተሩን ተቀበሉኝና በማግሥቱ መለሱልኝ። "ዋናው ተዋናይ የለበትም" አሉኝ። "አለ፤ አይታይም እንጂ" ብል ተያዩ። በኛ አፍ ለምዶብኝ እሺ ለማለት "ሳዋ" ብዬ ወጣሁ፤ ከኋላዬ "ከየት ነው የመጣችው?" ሲባባሉ ሰማሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያውቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ምሳ ቤት ተቀምጬ ማንም ሳያናግረኝ በላሁ፤ እኛ አገር እንኳን ሰው ፍየሉም አንቺን ያውቅሻል።

ሦስተኛው ቢሮ መነጽር ያደረገ፣ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ሰው ነበር። ደብተሩን እፊቴ ቁጭ ብሎ አነበበው። አልሳቀም።

"ይሄ ሎሪው ላይ ያለው ክፍት ቦታ… ከየት አመጡት?" አለኝ።

"ከሎሪው።"

ገጹን ገለጠ። "ነጋሪዋስ? የት ነው የምትቆመው?"

"ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነዋ።"

"የቱ ቴሌቪዥን?"

አስረዳሁት። ያኔ ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። "እናቴ፣ እዚህ ሲኒማ ቤት ተነሥቶ የሚያወራ ሰው በፖሊስ ነው የሚወጣው!" ፖሊስ ሲል ደነገጥኩ። አይቶኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግድ የለም፣ ድምፅዋን ከውስጥ እናስገባዋለን። ይሄማ ያምራል። መጨረሻው ነው ችግሩ።"

"መጨረሻው ምን ሆነ?"

"የለማ! ሕዝብ ከፍሎ ገብቶ ልጁን ሳያይ ሊወጣ ነው? ይምጣ። በመኪና፣ ሻንጣ ይዞ፣ ለእናቱ ወርቅ ይዞ ይምጣ። ሰርግ እናድርግለት።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ይምጣ አለ እኮ! ግን ልጄን አሰብኩት። አንድ ጨለማ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ጫማው አልቆ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል እንበል። በመኪና የመጣውን ልጅ አየ። ታዲያ ከዚያ በኋላ በምን ፊቱ ይደውልልኛል? ባዶ እጁን ስለሆነ አይደል ዝም ያለኝ?

"እንዲህስ አይሆንም" አልኩት።

"እሺ፣ ይሙት።" ብዕሩን እያሽከረከረ ነው የተናገረው፤ ክፋት የለውም፣ ሥራው ነው። "አስከሬኑ በዚያው ሎሪ፣ በዚያው ክፍት ቦታ ይምጣ። አገር ያለቅሳል። ይሄን ከጻፉልኝ ዛሬውኑ እገዛዎታለሁ።"

"አታሟርትብኝ!"

"እናቴ፣ ፊልም እኮ ነው።"

"ላንተ ነው ፊልሙ።"

ደብተሩን ወደኔ ገፋው፤ ብዕሩን ሰጠኝ። ተቀበልኩት፣ አልዋሽም። ይሄ በር ከተዘጋ ሌላ የማንኳኳው እንደሌለ አውቃለሁ። ፊልሙ ከተሠራ ልጄ ጋ ይደርሳል፤ እንዲደርስ ግን ልጁን መግደል አለብኝ። "ልጁ" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ እጄ እምቢ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእናት እጅ የወጣውስ? መንገድ ላይ ያለ ልጅ ላይ ይሄ ቃል ቢያርፍ ማን ያነሣለታል?

"ዝም ብሎ ቢቀርስ?" አልኩት። "ሳይመጣም፣ ሳይሞትም?"

"ስም ቢኖርዎት ሕዝቡ ይታገስዎት ነበር" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። "ስም የሌለው ሰው መጨረሻ የሌለው ፊልም ይዞ ሲመጣ ማን ይገዛዋል?"

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ደብተሬን በነጠላዬ ጠቀለልኩ። እስከ ደረጃው ሸኘኝ። "ሐሳብዎን ከለወጡ" አለ፤ የቀረውን አልሰማሁትም።

ኬላው ሊዘጋ ሲል ተሻገርኩ። ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየኝ፣ ገና ሳልጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። "ፖሌ ማማ" አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። "ስልኩ አልጮኸም። ፊልሙስ?"

"አልገዙትም።"

"እኔ ጋ ቢሆን በየቀኑ ነበር የማጫውተው።"

ደብተሩን ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ለሥራው ልብ አልነበረኝም፤ ግን የአማርኛ ፊልም ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ይጠሩኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ቆምኩ። ፊልሙ ስደት የሄደ ልጅ ነበረበት። መጨረሻው ላይ ሬሳ ሣጥኑ ከመኪና ሲወርድ፣ እናቲቱም መሬት ላይ ስትንከባለል፣ ቤቱ ሁሉ አፌን ይጠብቃል። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤

"ልጁ ሥራ አግኝቷል" አልኩ።

"ኧረ ሴትዮ! ታዲያ ይሄ ሣጥን ምንድነው?" አለ አንዱ።

"ዕቃ ነው። ለእናቱ ዕቃ ልኮላት ነው።"

"እናቲቱ ምን አስለቀሳት?"

"ናፍቋት ነዋ!"

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። "ኧረ ቀበሩት! ዕቃውን አፈር አለበሱት!" እያሉ ይጮኻሉ። ያኔ ከኡራን የመጣ ሽማግሌ፣ የራሱ ልጅ ከሄደ ጀምሮ ሻይ ሲቀዳለት ዓይኔን የማያይ፣ በትሩን መሬት ላይ መታ። "ነጋሪዋ እሷ ናት" አለ። "ያለችው ነው የሆነው።" ሳቁ ቆመ። እኔም ከደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እናቲቱ ያለችውን አመጣሁት። በቦረንኛ፣ ቀጥሎ በስዋሂሊ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ "የሱቁ ስልክ አልተቀየረም" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በኔ አፍ የሚሞት የሰው ልጅ የለም። ፊልሙ በምንም ያልቅ በምን፣ እኔ የምጨርሰው በሱቁ ስልክ ነው። የሎሪ ረዳቶቹ መቀለጃ አድርገውኛል። "ማማ ነጋሪ፣ ባለሱቁ ለማስታወቂያ ምን ይከፍልሻል?" ይሉኛል። ባለሱቁም "በእሱ ምክንያት ሰው ሁሉ ስልኬን ለመደ" እያለ ይስቃል፤ ግን ማታ ሱቁን ሲዘጋ የስልኩን ገመድ ነካ ነካ ሲያደርግ አየዋለሁ።

ይኸው አሁንም ሎሪዎቹ በቤቴ ጀርባ ያልፋሉ። ረዳቶቹ ብረቱ ላይ ሆነው፣ እኔን ለማሳቅ፣ "የሱቁ ስልክ አልተቀየረም!" እያሉ ይጮኻሉ። በናይሮቢ መንገድ መርሳቢት ሲደርሱም፣ ኢሲኦሎ ሲደርሱም እንደዚያ እንደሚሉ ነግረውኛል፤ ዘፈን ሆኗል አሉ። ጥሩምባው ሲነፋ ብርጭቆው ከእጄ ይወድቃል። ስባሪውን ቶሎ አልለቅምም። ድምፃቸው ወደ ደቡብ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳምጣለሁ።