የከበሮው ማንገቻ

በሰፈራችን ሠርግ ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋም፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእኔ የተሻለች መቺ ካለች ትምጣና እንተያይ። ስለዚህ የእህቴ ሠርግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ የቀኝ እጄ አንጓ ሲሰበር፣ ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ከበሮው ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። በምንም ነገር የማይስማሙት ሐኪሙና ወጌሻው «ከበሮ እንዳትነኪ» በሚለው ተስማሙ።

እነዋሪ ከተማ የሚኖሩት አክስቴ፣ የቤተሰባችን ዘፈን አውጪ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ደወሉ። «የጎረቤታችሁ ልጅ ትምታ፤ አንቺ እንግዳ ትቀበያለሽ» አሉኝ። እንግዳ መቀበል ክፉ ሥራ አይደለም። ግን አንድ እህት ናት ያለችኝ፤ በሌላ ሰው ከበሮ አልድራትም አልኩ።

ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ በመሥራት ነው። ለዚህ የምጠቀምበት ፓድ አለኝ፤ መጽሐፍ የሚያህል፣ ላዩ ላይ ትንንሽ የጎማ ካሬዎች የተደረደሩበት። ራሱ ድምፅ የለውም፤ ካሬውን ሲመቱት ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠውን ድምፅ ያወጣል። ደግነቱ የጣትን ክብደት ያውቃል፤ በፕሮግራሙ ደግሞ ቀላል ንክኪን እንደ ከባድ ምት እንዲቆጥር ማዘዝ ይቻላል። ለእኔ እጅ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የቀረው የቤታችን ከበሮ ድምፅ ነበር። ከኢንተርኔት የሚገኘው የሰው ቤት ከበሮ ነው፤ አልፈለግሁትም። ድምፁ እንዳያስተጋባ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፈንኩና፣ በዚህ ከተማ ብርድ ልብስ አይቸግርም፣ እህቴን ከበሮው ፊት አስቀመጥኳት። ሰፊውን ፊት፣ ጠባቡን ፊት፣ በመዳፍ፣ በጣት ጫፍ፣ አንዳንዱን ለስለስ አንዳንዱን ጠበቅ አድርጋ መታችልኝ፤ እኔ ቀዳሁ። «ሙሽራ ለገዛ ሠርጓ ከበሮ ስትመታ የት አየሽ?» እያለች ትስቃለች።

አክስቴ ለሠርጉ ሲመጡ ፓዱን አገላብጠው አዩና «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብለው መለሱልኝ። ተረቱ ለማን እንደሆነ ገብቶኛል።

«አንድ ዘፈን ብቻ ይስጡኝ። ካልሆነ ልጅቷ ትምታ» አልኳቸው። ተስማሙ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ከጫጫ እስኪደርስ ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ ጥግ ይዤ፣ ኮምፒውተሬንና ፓዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አክስቴ ዘፈኑን አወጡ፣ እኔ መታሁ። ከስፒከሩ የወጣው ቁርጥ የቤታችን ከበሮ ነው። ጭብጨባው ግን ተበታተነ፤ ግማሹ ቀደመ፣ ግማሹ ዘገየ። ሴቶቹ የሚያጨበጭቡት መሀል ላይ ባዶ ቦታ እያዩ ነበር። አክስቴ እጃቸውን አነሱ፤ ዘፈኑ ቆመ። የጎረቤታችን ልጅ ከበሮውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

ያኔ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ግን ጠቀመኝ። ሰው የሚያጨበጭበው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ የመቺዋን ትከሻ እያየ ነው። ይህን እያወቅሁ ጥግ ላይ እንደ ገንዘብ ያዥ ተጎልቻለሁ።

«ማንገቻውን ብቻ ፍቺልኝ» አልኳት ልጅቷን። ከበሮው የሚንጠለጠልበትን ጠፍር ፓዱ ላይ አጥብቄ አሰርኩና አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ፓዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ረጅም ገመድ ከኋላዬ እየጎተትኩ መሀል ገባሁ።

«አንድ ዘፈን ብለውኛል፤ ገና አላለቀም» አልኳቸው አክስቴን።

አወጡ። ትከሻዬን ለምቱ ለቀቅሁት፤ ጣቶቼ ካሬዎቹን ዳሰስ ብቻ ያደርጋሉ። ጭብጨባው ባንዴ ገጠመ። እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ የቤቱ በር ላይ ቆማ የገዛ መዳፏን ድምፅ ትሰማለች፤ ትስቃለችም ታለቅሳለችም። እኔን እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ስንት ዘፈን እንደዘፈንን እንጃ። አክስቴ እያጨበጨቡ ቀረቡኝና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። በእኛ ዘንድ ከበሮ የሚቀበል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መቺዋ ሲደክማት ማንገቻውን ከአንገቷ አውጥታ ተረኛዋ ላይ ታጠልቃለች።

«በይ ደክሞሻል፤ አምጪው» አሉኝ።

«ይቆዩ እትዬ፤ ገና አልደከመኝም።»