ከወለሉ ሥር ያለው ሞርሳ

የደሴ ቤት ቁልቁለት ላይ ስለሚሠራ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተርፈዋል። እኔም በስተርጅና የቤቴን ሥር ጠርጌ የእንጨት መሥሪያ አደረግሁት። መጋዝና መላጊያ ነበረኝ። እንጨት ጨምድዶ የሚይዘውን ሞርሳ ከኮምቦልቻ አመጣሁና፣ ሌላ ጠንካራ ነገር ባጣ፣ ቤቱን በተሸከመው ምሰሶ ላይ አሰርሁት።

ታዲያ እንጨት መላግ በጀመርሁ ቁጥር ከላይ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ዘውዲቱ ወለሉን በእግሯ ትደበድብና "አንተ ሰውዬ፣ ተው!" ትለኛለች። አንድ ቀን ሰሃኗ ከመደርደሪያው ወድቆ ሲሰበር ግን መረራት።

"ዳግም ይህ ቤት ከተነቃነቀ ሞርሳህን ገደል ነው የምከተው" አለችኝ።

ወረድሁና ምሰሶውን ግራና ቀኝ በወፍራም ግንድ ደገፍሁት።

በሳምንቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆው ሁሉ ተንኳኳ።

"ወላሂ ቤትሽ ሊሄድ ነው" አለች ዘሐራ።

"ያ ሽማግሌ ነው፤ ተቀመጭ" አለች ዘውዲቱ፣ ወለሉን እየረገጠች። "ዛሬስ ሞርሳህ ገደል ገባ!"

"እኔ እዚህ ነኝ" አልኋት ከኋላዋ፣ በሩ ላይ ከጫማዬ የእንጨት ፍቅፋቂ እያራገፍሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ በየት በኩል ቀድመውኝ እንደወጡ አላውቅም።

የመሬት መንቀጥቀጡ ሲያልፍ ቤቱ እንዳለ ነበር፤ ምሰሶውም በድጋፉ ጸንቷል።

አሁን ወለሉ ትንሽ ነቅነቅ ሲል ዘውዲቱ ወደ ታች ትጣራለች።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ተመስገን። በል ላግ።"