የካምፕ ዘጠኝ ካቦና አሰልጣኝ

ዱጋሳን የማያውቅ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ጥቂት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ለቆራጮች ሰፈራችን ለካምፕ ዘጠኝ በግራ ተከላካይነት ኳስ ተጫወተ፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ደግሞ ሃያ ዓመት አሰለጠነ። በወጣትነቱ ከአዳማ አንድ ክለብ ጠይቆት ነበር። አልሄደም። እኛ ዘንድ ሰው የሚጫወተው ለተወለደበት ካምፕ ነው፤ ተሻግሮ የሌላ ካምፕ ማልያ የለበሰ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ጠጋ የሚልለት የለም። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ጫማውንም እያንዳንዱ ራሱ ይገዛል።

ተጫዋች ሳለ ሁለት ጊዜ ለዋንጫ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። አሰልጣኝ ሆኖ የደረሰው አምና ብቻ ነው። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ እሱም እኛም እናውቅ ነበር።

ነገሩን ያከበደው ዱጋሳ ካቦም መሆኑ ነው፤ የሠላሳ ቆራጮች አለቃ። ከተጫዋቾቹ ስምንቱ በእሱ ሥር ይሠሩ ነበር። ከካምፕ ሦስት ጋር የዋንጫው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ሊሆን፣ ቅዳሜ የእኛ ማሳ ተራው ደርሶ ተቃጠለ። አገዳ ቅጠሉ እንዲረግፍ ከተቃጠለ በኋላ ቶሎ ካልተቆረጠ ስኳሩ ይበላሻል። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ቆንጨራችንን ይዘን ማሳው ዳር ቆምን።

እኛ ሽማግሌዎቹ አስቀድመን ተማክረን ነበር። የተናገረልን ሰንበታ ነው፤ ድሮ ከዱጋሳ ጋር አብሮ የተጫወተ።

«አንተ ዱጋሳ፣ ተጫዋቾቹን ልጆች አሳርፋቸው። የሚቆርጡትን የአገዳ መስመር እኛ እንካፈለዋለን።»

«ወገባችሁስ?»

«ወገቡ የእኛ ነው! አንተን ማን አውሰን አለህ?»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«እኔ በጊዜዬ አገዳዬን ቆርጬ ነው ሜዳ የገባሁት። በእኔ መስመር ላይ ማንም አላጎነበሰልኝም።»

«አዎ፣ ቆርጠህ ገባህ። ሁለት ጊዜም ተሸነፍክ» አለው ሰንበታ።

ዱጋሳ ለተጫዋቾቹም ለእኛም እኩል መስመር አደለ። ቅር አለን፤ ግን ካቦ ከተናገረ ተናገረ ነው።

ከሰዓት ሜዳ ላይ እስከ ረፍት ልጆቹ ጥሩ ተጫወቱ። ከረፍት በኋላ እግራቸው ከዳቸው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የካምፕ ሦስት አጥቂ በተከላካዩ በገመዳ አጠገብ አለፈ፤ ገመዳ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው እንጂ አልተከተለውም። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

በረኛው ሮባ ወደ ዱጋሳ መጣ። «ኮች፣ እኛ እኮ አልሰነፍንም።»

«አውቃለሁ።»

«ጠዋት ቢያሳርፉን ኖሮ...»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

በሳምንቱ ሮባና ገመዳ ልምምድ መቼ ይጀመር ብለው ቤቱ ሄዱ።

«ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉ» አላቸው። «ካቦ ያልሆነ።»

«ታዲያ ካቦነቱን ይተዉት፣ ጋሼ» አለ ገመዳ።

«ትቼ ምን ልበላ? ኳስ ልቀቅል?»

ልጆቹ ስቀው ወጡ፤ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። አልተመለሰም። አሁን የሚያሰለጥናቸው ሮባ ነው።

ዱጋሳ እሑድ እሑድ ይመጣል። የሚቀመጠው ግን በተጋጣሚው ካምፕ ሰዎች በኩል ነው፤ እዚያ ስለዚያ ቀን የሚጠይቀው የለም። አንድ ቀን ዞሬ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ያን ጠዋት ልጆቹን አለማሳረፉ ይቆጨው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ዛሬም ቢሆን እኩል ነው የማድለው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «እንዲያ ስለሆንኩ ነው አሰልጣኝነቱን የተውኩት» አለ።

ጨዋታው እስኪያልቅ አብሬው ተቀመጥኩ።