የእናቴ ቁርበት

ዛሬ ሶደሬ ሰው የሚሄደው ለመዝናናት ነው። እኔ እናቴን ይዤ በሄድኩበት ዘመን፣ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚያ የነበረው ፍል ውሃው ብቻ ነው። በሽተኛ ዳስ ጥሎ መሬት ላይ እያደረ ይታጠባል። እናቴ ቀኝ ዳሌዋን ታማ መራመድ አቅቷት ነበር። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በዚያ ውሃ ላይ ነው።

እኔ አዳማ ውስጥ ለአንድ ነጋዴ መኪና እነዳ ነበር። በከተማው መኪና በጣት የሚቆጠር ስለነበር ልቤ አብጦ ነበር ብል አልዋሸሁም። ነጋዴው መኪናዋን ሲያውሰኝ እናቴን ከቃሬዛ አዳንኳት ብዬ ተኩራራሁ። እሷ ግን የምትተኛበትን የበሬ ቁርበት አስጠቅልላ ካልጫንክ አለችኝ።

«እዚያ ሣር እንጎዘጉዛለን እኮ» አልኳት።

«ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደግሞስ ይሄ ጉድህ መሀል መንገድ ቢጥለን?»

ጣለን። መንገድ የምንለው የከብት ዱካ ነበር። አዋሽ ወንዝ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ከሥር የሆነ ነገር ጓ አለ። ወርጄ ሳይ የሞተሩን ዘይት መያዣ ድንጋይ መትቶት ተሰንጥቋል። ጥቁሩ ዘይት አቧራው ላይ ይንጠባጠባል። ዘይቱ ካለቀ ሞተሩ ይቃጠላል፤ እናቴም እዚያው ሜዳ ላይ ትቀራለች። ስንቃችንን ከገበታው ላይ አንስቼ ገበታውን ከሥር ደቀንኩና ዘይቱን አጠራቀምኩ።

ለገላዋ የያዘችውን ሳሙና በእጄ አሽቼ ስንጥቁን ደፈንኩት። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሳሙናው ብቻውን እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ከላይ የሚጨብጠው ነገር ያስፈልገዋል። ምን ላድርግ እያልኩ ስዞር እናቴ ከመኪናዋ ውስጥ ሆና፣ «ቁርበቱን ቁረጥ» አለችኝ። «አርጥበህ ብታስረው ሲደርቅ ያጠብቃል።»

ቢላዬን አውጥቼ ከጠርዙ ልጀምር ስል ከለከለችኝ።

«ጠርዙ እንጨት ሆኗል፤ ይሰነጠቅብሃል። ከመሀሉ ቁረጥ፤ መሀሉን ስተኛበት አለስልሼዋለሁ።»

እውነቷን ነው። መሀሉ ጠጉሩ አልቆ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። አንድ ክንድ የሚሆን ቆረጥኩ። በአጠገባችን ከብቶቹን ወደ ወንዝ የሚነዳ ሽማግሌ «አካም ጅርቱ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶን ቆመ፤ ከቅሉም ውሃ ሰጠን። ቁርበቱን በውሃው ዘፍዝፌ፣ ከመኪናዋ ሆድ ላይ አልብሼ፣ ዕቃ በማስርበት ገመድ ጠፍሬ ስወጣ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ።

«አሁን ገና ከብት መሰለች» አለ። እናቴ ዳሌዋን ይዛ ሳቀች።

ቁርበቱ እስኪደርቅ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘይቱን በእናቴ ነጠላ አጥልዬ ሞተሩ ውስጥ መለስኩና መኪናዋን አስነሳኋት። ከሶደሬ ደረስን፤ ጠብ ያለ ዘይት የለም። እናቴን ዳስ ውስጥ አስገብቼ፣ ቁርበቷን አንጥፌ፣ መኪና ሊያይ ለተሰበሰበው በሽተኛ ሁሉ ጥበቤን ሳወራ አመሸሁ። ኩራቴ ለከት አልነበረውም።

መኪናዋ አጠገብ አድሬ ሲነጋ ወደ ዳሷ ሄድኩ። እናቴ በቀኝ ጎኗ ተኝታ ዓይኗን ገልጣለች። ጎኗን የሚያገላብጥላት ሰው አብሯት አልነበረም። እኔ የቆረጥኩት ቀዳዳ ልክ ከዳሌዋ ሥር ነው። በዚያ በጋ ከብት ሣሩን ጨርሶት ስለነበር የሚጎዘጎዝ አልተገኘም፤ የታመመው ዳሌዋ ጠጠሩ ላይ አድሯል። 

«ለምን አልጠራሽኝም እማዬ?» አልኳት።

«መኪናህስ እንዴት አደረች?» አለችኝ።

«ደኅና ናት» አልኳት። ወደ እናቴ ከመምጣቴ በፊት ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ አይቻት ነበር።