በረኛዋ፣ አማቷና ጥቁሩ ጃንጥላ

በአውቶቡስ ድርጅቱ ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። «በረኛዋ» ነው የሚሏት። ኳስ ነክታ አታውቅም፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት በሰርቨሩ ምክንያት ነው። ተሳፋሪዎች በስልካቸው «አውቶቡሱ የት ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄውን ተቀብሎ መልስ የሚልከውን ሰርቨር የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ሰርቨሩ ደግሞ ክፉ አመል ነበረበት። አዲስ ሥራ ሊጨመርበት ሲፈለግ ሲ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ካልተጻፈ አይቀበልም። ሲ ፈጣን ነው፣ ግን ይቅርታ አያውቅም፤ የተጨመረው ነገር አንዲት ስህተት ካለችበት ሰርቨሩ እንዳለ ይወድቃል፣ ከተማው ሙሉ ፌርማታ ላይ አንገቱን አስግጎ ይቀራል።

ሲ የምትችለው እሷ ብቻ ስለነበረች ሁሉም ሐሳቡን ይዞ ጠረጴዛዋ ጋ ይመጣል። ካርታ ሠሪው ፓይተን የተባለውን ሌላ ቋንቋ እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው፤ ዝናብ ሲጥል አውቶቡሶቹ ምን ያህል እንደሚዘገዩ የሚገምት ፕሮግራም ጽፎ ከጨረሰ ወዲህ ዝናቡ ራሱ መጥቶ ሄዷል።

«የእኔ ነገር እንዴት ሆነ?» ይላታል።

«ጊዜ ሳገኝ ወደ ሲ እገለብጠዋለሁ።»

«ፕሮግራሜ እኮ ጡረታ ሊወጣ ነው።»

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው አማቷ የመጡት። የባሏ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጃቫ በሚባል ሦስተኛ ቋንቋ ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጥተው ነበር። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። የልጅ ልጆቻቸውን መጫወቻ በፊደል ተራ ደርድረው ሲጨርሱ፣ ድርጅቱ የጠፉ ዕቃዎችን የሚከታተል ሰው እንደሚፈልግ ሰሙና አመለከቱ፤ ተቀጠሩም። በረኛዋ ወሬውን የሰማችው ራት ላይ ነው።

«እናትህ? እኔ ቢሮ?» አለች ሹካዋን አስቀምጣ።

ባሏ አፉን በእጁ ሸፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አማቲቱ የዕቃ ክፍሉን ከፍተው ሲያዩ ጃንጥላ፣ የግራ እግር ጫማ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ጭራሽ አንድ መሰላል አገኙ። «መሰላል ይዞ ተሳፍሮ ባዶ እጁን የወረደው እንዴት ያለ ሰው ነው?» እያሉ ዕቃ የጠፋበትን ከተገኘው ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም በጃቫ ጻፉ። ከዚያ ምራታቸው ጠረጴዛ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ ይቺን ሰርቨሩ ላይ ጫኚልኝ።»

«እማማ፣ ሰርቨሩ ጃቫ አያውቅም።»

«ታዲያ አስተምሪው።»

«ወረፋ አለ። ይጠብቁ።»

«ወረፋሽን አይቼዋለሁ» አሉ አማቲቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ቤትሽ የመጣ እንግዳ ሁሉ በአንቺ ቋንቋ ካላወራ ደጅ ይደር የምትይ ከሆነ፣ እንግዳ አልወድም በይ።»

በረኛዋ ደሟ ፈላ። ይበልጥ ያናደዳት ደግሞ አማቷ ልክ መሆናቸው ነው። ቤቷ ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ አማቷን በሆዷ እየተሟገተች ሳለ ነገሩ ብልጭ አለላት። ሰርቨሩ ቋንቋ ሁሉ መማር የለበትም። ለእያንዳንዱ ቋንቋ ጎኑ ላይ የራሱን ክፍል ብትሠራለት፣ ሰርቨሩ ጥያቄውን በመስኮት ያቀብላል፣ መልሱን በመስኮት ይቀበላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ተደናቅፎ ቢወድቅ እንኳ ቤቱ አይፈርስም። ሽንኩርቱን ትታ ለብቻዋ ሳቀች። ባሏ መጥቶ ዓይኗን ሲያይ «ታለቅሻለሽ ወይስ ትስቂያለሽ?» አላት። «ሁለቱንም» አለችው።

መስኮቶቹን በሲ ስትጽፍ ሰነበተች፤ እያፏጨች ነበር የምትጽፈው። ጨርሳ አንድ ጠዋት የአማቷን ፕሮግራም ከጃቫው ክፍል፣ የካርታ ሠሪውን ከፓይተኑ አስገባችና ለቀቀችው። ቢሮው ሁሉ ከጀርባዋ ቆሞ ያይ ነበር። ሠራ። ካርታ ሠሪው በደስታ ስልክ ተቀባይዋን አቀፋት፤ ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

ስልክ ተቀባይዋ አዳመጠችና ዞር አለች። «አንድ ሰውዬ አውቶቡሴ የት ደረሰ ብሎ ቢጠይቅ ‹ጥቁር ጃንጥላ ተገኝቷል፣ መጥተው ይውሰዱ› ተባልኩ ይላል።» ሌላ ስልክ ጮኸ፣ ያው ጃንጥላ። ሦስተኛውም ያው። አማቲቱ «አውቶቡስ» የሚል ቃል ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ስለ ጠፋ ዕቃ ነው ብሎ እንዲቀበል አድርገው ፕሮግራሙን ጽፈውት ኖሯል።

ድሮ ቢሆን ይሄኔ ሁሉም ነገር ወድቆ ነበር። በረኛዋ የጃቫውን ክፍል ብቻ ዘጋች። ተሳፋሪዎቹ ወዲያው አውቶቡሳቸው የት እንደደረሰ ማወቅ ጀመሩ፤ የካርታ ሠሪውም ፕሮግራም ዝናቡን እየቆጠረ ቀጠለ፤ ሰርቨሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይሠራል። ማመን አቅቷት አማቷን አየቻቸው።

«መቼም ዛሬ ከተማው ውስጥ ጃንጥላ የሌለው ሰው አይኖርም» አሉ አማቲቱ ረጋ ብለው።

በረኛዋ ወንበሯ ላይ ተጣጥፋ ሳቀች። አማቷም ሳቁ፤ ስልክ ተቀባይዋ ስልኩን አንስታ «ሄሎ» ማለት አቃታት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አማቲቱ ስህተታቸውን በገዛ ጃቫቸው አርመው፣ ማንንም ሳይለምኑ መልሰው ጫኑት። ከሰዓት በኋላ ያ መልእክት ከደረሳቸው አንዱ መጣና ጃንጥላውን ተቀበለ። «መጥፋቱን እንኳ አላወቅሁም ነበር» አለ እየተገረመ።

ከዚያ ወዲያ ቢሮው የሠርግ ቤት መሰለ። ቲኬት ሻጯ ጃቫስክሪፕት በሚባል ሌላ ቋንቋ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ያለ ባዶ ወንበር የሚያሳይ ነገር ጻፈች። ካርታ ሠሪው ጠዋት ጠዋት አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ማንም ወረፋ አይዝም። በረኛዋ በበኩሏ ሰርቨሩን እየጠበቀች፣ ክፍሎቹን እያሰፋች፣ ከአማቷ ጋር አብራ ምሳ መብላት ጀመረች።

በኋላም ፈቃድ ወስዳ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሐይቅ ዳር ሄደች። ስልኳ አልጠራም። ጭንቅ ያዛት፤ ራሷ ደወለች። አማቷ አነሱት።

«እማማ፣ ማን ፈለገኝ?»

«ማንም አልፈለገሽም።»

«ሰርቨሩስ?»

«እሱም አልፈለገሽም። ይልቅ ውሃው ይሞቃል ወይ?»

በረኛዋ ስልኩን ለባሏ አቀበለችና ልጆቿ እየጮኹ ሲከተሏት ከነልብሷ ሐይቁ ውስጥ ገባች።